ዘንገና በመንገዳችን ሳለ

የጉንደ ወይን ሰው ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ በሞጣ በኩል ማለፉ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ደብረ ማርቆስ ጉዳይ ስለ ነበረኝ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዞሬ ስጓዝ፣ ለምሳ ከምንቆምባት ከእንጅባራ ከተማ ለመድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረን፣ ከአስፋልቱ አጠገብ በደን ተከልሎ የተኛውን የዘንገናን ሐይቅ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ አንገቱን እንኳ ቀና ሳያደርግ አለፈው።

እንጅባራ ስንደርስ ወርጄ፣ ጓዜን ለምግብ ቤቱ ባለቤት አደራ ብዬ፣ በባጃጅ ተመለስሁ። ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተው፣ ውኃው እንደ ምጣድ ክብ ነው፤ ዙሪያውን ገደልና ዛፍ አጥሮታል፤ ጦጣዎቹም ሰው መጣብን ብለው አይሸሹም፣ እንዲያውም የእጅ ቦርሳ ይመረምራሉ። ይበልጥ አንክሮ የሚገባው ግን፣ ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ ሳለ ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በእግር ተዙሮ የሚያልቀው ዘንገና 166 ሜትር እንደሚጠልቅ የለኩት ሰዎች መመስከራቸው ነው፤ ምክንያቱም ከከርሠ ምድር ሽቅብ የወጣው የቀለጠ ዐለት ከምድር ውስጥ ውኃ ጋር ሲገናኝ፣ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ በመፈንዳት ምድሩን ወደ ታች ቦርቡሮ ከፈተው፣ ጕድጓዱም ቆይቶ ውኃ ሞላበት። እንደ ሆራና እንደ ባቦጋያ ያሉት የቢሾፍቱ ሐይቆችም የተወለዱት በዚሁ ሥርዓት ነው። እኛ ከጮቄ ሥር የምንኖረውም ለነገሩ ባዕድ አይደለንም፤ ጮቄ ራሱ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት እሳቱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነውና።

ወገኖቻችን ሆራንና ባቦጋያን ለማየት ዓባይን ተሻግረው፣ አዲስ አበባንም አልፈው ወደ 45 ኪሎ ሜትር ሲጨምሩ አልነቅፋቸውም፤ ቢሾፍቱ ማረፊያውም ዓሣውም የተሰናዳላት ከተማ ናት። ነገር ግን በገዛ መንገዳችን ዳር ያለውን፣ ገንዘብም ድካምም የማይጠይቀውን ሐይቅ ሳናይ ማለፋችን ስንፍና እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ያዩትም ቢሆኑ ሁሉም በደኅና አልተሰናበቱትም። ከአንድ ዛፍ ሥር፣ ሥሩ ላይ ተሰክቶ፣ ወረቀቱ ግማሽ የተላጠ ባዶ ሃይላንድ አየሁ። ከዘንገና የሚወጣ ወንዝ የለምና፣ ከአፋፉ የወረደ ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ እናንተ አሽከርካሪዎች፣ ከምሳችን ሰዓት ሩቡን ቀንሳችሁ ዘንገና ዳር አቁሙልን፤ እናንተም ተሳፋሪዎች፣ ባዶውን ሃይላንድ እስከ እንጅባራ ይዛችሁ ሂዱ።