አብሮ የሚወድቀው የትኛው ነው?

የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ትንተናና የፖርትፎሊዮ ግምገማ የፋይናንስ ተማሪ ሊመረቅ ሲቃረብ የሚወስደው ኮርስ ነው። ስሙ ቢረዝምም የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ይህ አክሲዮን ወይም ቦንድ በእርግጥ ስንት ያወጣል? ከሌሎች ንብረቶች ጋር አንድ ላይ ሲያዝስ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ባለቤቱን ያቆመዋል ወይስ አብሮ ይወድቃል? ተማሪው የመጀመሪያውን በቀመር ይለማመደዋል፤ ሁለተኛውን ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል። የኢትዮጵያ የገንዘብ ታሪክም ሆነ የአርሲ ደጋ እርሻ ደጋግመው ያስተማሩት ግን ሁለተኛውን ነው። ትምህርቱም ክብደቱን ወደዚያ ማዞር ይገባዋል።

ኮርሱ ለረጅም ዓመታት የተሰጠው የተደራጀ የአክሲዮን ገበያ በሌለበት አገር ነው። አሰላም ሆነ ጎንደር የሚማር ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ከአሜሪካ መማሪያ መጻሕፍት የተገለበጡ ቁጥሮችን እያባዛ ቤታ፣ ማለትም አክሲዮኑ ከገበያው ጋር የሚዋዥቅበትን መጠን፣ ያሰላ ነበር። ሁኔታው መለወጥ የጀመረው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ሲወጣ ነው። በአዋጁ መሠረት የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በይፋ ተከፈተ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ ገዳ ባንክ ተከተለ። ከእንግዲህ መልመጃውን በአገር ቤት ሰነድ ላለመሥራት ምክንያት የለም።

ትንተናውን እንደ ሙያ ያቆሙት ቤንጃሚን ግራሃምና ዴቪድ ዶድ ናቸው። መጽሐፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ በ1934፣ የ1929ኙ የኒውዮርክ ገበያ ውድቀት ብዙዎችን ባዶ እጃቸውን ካስቀረ በኋላ ነው። መነሻ ሐሳባቸው ገበያ የሚጠራው ዋጋና ንብረቱ በእርግጥ የሚያወጣው ዋጋ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ይህን ለማስተማር ከኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ የተሻለ ምሳሌ በቅርብ አይገኝም። ኩባንያው ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ማለትም የባለቤትነቱን 10 በመቶ፣ አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር ነበር፤ ከፍተኛው 3,333 አክሲዮን። 10 በመቶው 100 ሚሊዮን ከሆነ ጠቅላላው አንድ ቢሊዮን አክሲዮን ነው። በ300 ብር ሲባዛ ድርጅቱ 300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። በ2016 በጀት ዓመት አገኘሁ ያለው ገቢ 93.7 ቢሊዮን ብር ስለሆነ ለአንድ አክሲዮን 93 ብር ከ70 ሳንቲም ይደርሰዋል። እናም ገዢው ለእያንዳንዷ ብር ዓመታዊ ገቢ 3 ብር ከ20 ሳንቲም ከፍሏል።

ውድ ነው ርካሽ? የሒሳቡ ቀላል ክፍል እዚህ ላይ ያበቃል። ከገቢው ስንቱ ትርፍ ይሆናል? ከትርፉስ ስንቱ ይከፋፈላል? ተፎካካሪ ሲመጣ ምን ይቀራል? በውጭ ገንዘብ የተበደረ ድርጅት ዕዳው በብር ሲቆጠር የት ይደርሳል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏልና ይህ ጥያቄ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አይደለም። የሽያጩ ጊዜ ተራዝሞም እንኳ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ብቻ ነበር፤ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ከፈሉ። ገዢው ያነሰው በዋጋው ነው፣ በአቅም ማጣት ነው ወይስ በመረጃ እጥረት? አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው የሚያስቆጭ አይደለም።

የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ሌላው መማሪያ ነው። ተማሪው ከፊት ያለውን የቦርድ ሰብሳቢ ፎቶግራፍና መልእክት አልፎ፣ ወደ ኋላ፣ በትንንሽ ፊደል ወደ ተጻፉት የሒሳብ ማብራሪያዎች መግባት አለበት። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገ ወዲህ ብዙዎቹ አዳዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ቆይተዋል። ለምሳሌ 2 ቢሊዮን ብር ካፒታል ይዞ 600 ሚሊዮን የሚያተርፍ ባንክ ለባለ 1,000 ብር አክሲዮን 300 ብር ያስገኛል። ካፒታሉን ወደ 4 ቢሊዮን አሳድጎ 900 ሚሊዮን ቢያተርፍ ለአንዱ አክሲዮን የሚደርሰው 225 ብር ነው። ትርፉ በግማሽ አድጓል፤ የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ ግን በሩብ ቀንሷል። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚያስጨበጭበው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ተማሪው ሁለተኛውን ፈልጎ እንዲያወጣ መሠልጠን አለበት።

የዋጋ ንረትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት 7 በመቶ ወለድ በሚታሰብበት የቁጠባ ደብተር የተቀመጠ 100 ብር በዓመቱ 107 ብር ሆኖ ሲወጣ፣ 30 በመቶውን ብቻ ብናስብ እንኳ የመግዛት አቅሙ 82 ብር ገደማ ነው። 20 በመቶ የትርፍ ድርሻ የከፈለ አክሲዮንም፣ ዋጋው ባለበት ከቆመ፣ ባለቤቱን አክስሯል።

ፖርትፎሊዮ የሚባለው ክፍል የሚጀምረው ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ በ1952 ካሳተመው ጽሑፍ ነው። ንብረትን ማከፋፈል ጥሩ መሆኑን ከእሱ በፊትም ሰው ያውቅ ነበር። የእሱ አስተዋጽኦ የንብረቶቹ ብዛት ብቻውን እንደማይበቃ ማሳየቱ ነው፤ ወሳኙ አብሮ የመንቀሳቀሳቸው መጠን፣ ኮሪሌሽን የሚባለው፣ ሆነ። አንድ ንብረት በአማካይ 20 በመቶ ያስገኛል፣ የመዋዠቅ መጠኑ፣ ማለትም ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ 30 በመቶ ነው እንበል። ሌላው 14 በመቶ ያስገኛል፤ መዋዠቁ 20 በመቶ ነው። ገንዘቡ እኩል ለእኩል ሲከፈል የሚጠበቀው ትርፍ በማንኛውም ሁኔታ 17 በመቶ ነው። ሁለቱ ፍጹም አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ መዋዠቁ 25 በመቶ ይሆናል። ኮሪሌሽኑ ግማሽ ከሆነ ወደ 21.8 ይወርዳል። ምንም ዝምድና ከሌላቸው 18 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ማለትም ድምሩ ከተረጋጋው ንብረት ይልቅ የተረጋጋ ይሆናል። ተማሪውን የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ሊያስደንቀውም ይገባል።

በአሰላ ለሚማር ተማሪ የዚህ ማስረጃ በመስኮት ይታያል። ከጭላሎ ግርጌ እስከ ኢተያ ያለው ሜዳ የስንዴ አገር ነው። ከአሰላ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ከካዱ ዘመን ጀምሮ የስንዴ ዝርያ ሲፈትሽ ኖሯል። እ.ኤ.አ በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳን መታ። ገበሬው ተምሮ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። ውሳኔው በጊዜው ትክክል ነበር፤ ዝርያው ጥሩ ምርት ይሰጣል፣ የታወቀውንም በሽታ ይችላል። ነገር ግን ሁሉም ወደ አንዱ ሲዞር አገሩ በሙሉ አንድ አክሲዮን እንደገዛ ሰው ሆነ። እ.ኤ.አ በ2013 መገባደጃ ላይ ዲገሉ የማይቋቋመው አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌና በአርሲ ተነሣ፤ ተመራማሪዎችም ዓይነቱን በዝርያው ስም ጠሩት። በማሳው ውስጥ ያለፈ ሰው ሱሪው ላይ ሸክላ የመሰለ ቀይ ዱቄት ይዞ ይወጣል፤ አገዳው ላይ የፈነዳው የዋግ ብናኝ ነው። ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ያማረው ቡቃያ የተጨማደደ ፍሬ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ሁለቱ የኮርሱ ክፍሎች ይለያያሉ። ዲገሉን ብቻውን የመረመረ ተንታኝ አልተሳሳተም፤ የጎደለው፣ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት ያንኑ መዝራታቸውን አለመቁጠሩ ነው። በአንጻሩ ስንዴውን ከባቄላ ጋር የሚያፈራርቅ፣ ከበላይ ገብስ ያለው፣ በረት ውስጥ በጎች ያሉት፣ ዳር ላይ ባህር ዛፍ የተከለ ቤተሰብ የስንዴ ዋግ የማይደርስባቸው ንብረቶች አሉት። የብቅል ገብስም ይረዳል፤ ግን ሌላ ዓይነት ስጋት ያመጣል። ገዢዎቹ የብቅልና የቢራ ፋብሪካዎች በመሆናቸው እህሉ ከዋግ ቢተርፍም ዋጋው በጥቂት ሰዎች ውሳኔ ላይ ይወድቃል። ድርቅ ደግሞ ሁሉንም ይመታል። አንዱ ስጋት በማከፋፈል ይቀንሳል፤ ሌላው በአንድ ወረዳ ውስጥ ምንም ቢከፋፈል አይቀንስም። ዊልያም ሻርፕ እ.ኤ.አ በ1964 ባቀረበው ሞዴል ገበያው የሚክሰው በየትም ቢከፋፈል የማይቀንሰውን ስጋት ብቻ ነው።

ይህንኑ ወደ ባንክ አክሲዮን መልሶ ማየት ይቻላል። በሦስት የግል ባንኮች አክሲዮን ያለው የአሰላ ነጋዴ ገንዘቤን አከፋፍያለሁ ብሎ ያምናል። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም የግል ባንኮች ካበደሩት 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ በዝቅተኛ ወለድ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ሲገደዱ መመሪያው የመታው ሦስቱንም በአንድ ቀን ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገደብም እንዲሁ። ሦስት የባንክ ስም የያዘ ወረቀት ከአንድ ዝርያ ስንዴ ብዙም አይለይም።

ከዚህ የከፋው ደርሷል። እ.ኤ.አ በ1965 በብሔራዊ ባንክ ድጋፍ በአዲስ አበባ አክሲዮን የሚገበያይ ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ከሚገበያዩት አንዱ፣ ከአርሲ ደጋ ቁልቁል በአዋሽ ዳር የወንጂን ስኳር ያቋቋመው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ነው። በዚያን ጊዜ የስኳር፣ የባንክና የጨርቃ ጨርቅ አክሲዮን የያዘ ሰው በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ መስፈርት ጠንቃቃ ነው፤ ሦስቱ ሥራዎች አይገናኙም። በታኅሣሥና በጥር 1967 ዓ.ም ደርግ ባንኮችን፣ ኢንሹራንሶችንና 72 ድርጅቶችን ሲወርስ ግን ሦስቱም በሳምንታት ልዩነት አንድ ሆኑ። የአሥር ዓመት የዋጋ መዝገብ ይህን ኮሪሌሽን ሊያሳይ አይችልም ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው ስላለፈው ብቻ መሆኑን፣ አንድ አዋጅ ወይም አንድ በሽታ ምን ምን እንደሚነካ ግን በማሰብ የሚደረስበት መሆኑን መምህሩ ከቀመሩ እኩል ማስተማር አለበት።

የኮርሱ መዝጊያ ግምገማው ነው። ሻርፕ፣ ትሬይነርና ጄንሰን የቀየሷቸው መለኪያዎች ትርፍን ከተሸከመው ስጋት ጋር ያመዛዝናሉ። በሻርፕ መለኪያ ከአስተማማኙ የግምጃ ቤት ሰነድ በላይ የተገኘው ትርፍ ለመዋዠቁ ይካፈላል። የግምጃ ቤቱ ሰነድ 15 በመቶ ያስገኛል ቢባል፣ 22 በመቶ አስገኝቶ 25 በመቶ የዋዠቀ ፖርትፎሊዮ 0.28 ያመጣል፤ 19 በመቶ አስገኝቶ 8 በመቶ ብቻ የዋዠቀው 0.5 ያመጣል። ሁለተኛው በእጥፍ ገደማ የሚበልጥ ይመስላል። በአዲስ ገበያ ግን ለብዙ ቀናት ገዢና ሻጭ ሳይገናኙበት የሚቆይ አክሲዮን አለ። ዋጋው ያልተንቀሳቀሰው ስለተረጋጋ ሳይሆን ስላልተጠየቀ ነው። እውነተኛው መዋዠቅ 25 በመቶ ቢሆን ያው 0.5 ወደ 0.16 ይወርዳል። በመሆኑም በኢትዮጵያ ገበያ ላይ የሚሠራ ማንኛውም የተማሪ ግምገማ ከውጤቱ ጎን አክሲዮኑ በዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን እንደተገበያየ ማስፈር ይኖርበታል፤ ያ ቁጥር የሌለበትን ወረቀት መምህሩ ለእርማት መቀበል የለበትም።