«አስበላህ» ሳይሆን «አስበላን» እንበል

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዳማ ነው። «ዳማ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። እስካሁን ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ።

እንደምታውቁት የዳማ ሰሌዳ 64 ቤት አለው፤ የምንጫወተው ግን በ32ቱ ላይ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ወገን 12 ቆርኪ በሦስት መስመር ይደረደራል። የአንዱ ወገን ቆርኪ ፊቱን ወደ ላይ ያደርጋል፣ የሌላው ይገለበጣል። ቆርኪ በሰያፍ ወደ ፊት አንድ አንድ ቤት ይሄዳል። የሚበላው ደግሞ የጠላትን ቆርኪ ዘሎ ከኋላው ባለው ባዶ ቤት ላይ ሲያርፍ ነው። መጨረሻው መስመር ላይ የደረሰ ይነግሣል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! የሚበላው ከኋላው ያለው ቤት ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ከኋላው ጓደኛው ከቆመለት ማንም አይዘለውም። ጠላት ከፊት በግራ በኩል ከመጣ የሚያርፈው ከኋላ በቀኝ በኩል ነው፤ በቀኝ ከመጣም በግራ። ስለዚህ መሀል ሜዳ ላይ ያለ ቆርኪ ከኋላው ሁለት ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጠርዝ ላይ ያለውን ግን ከኋላው ማረፊያ ስለሌለ ግድግዳው ራሱ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያ መስመራችን ላይ የቀሩት ቆርኪዎችም ዝም ብለው የተቀመጡ ይመስላሉ እንጂ ጠላት እንዳይነግሥ ቤት እየጠበቁ ነው።

እኛ ክፍል ውስጥ ዳማ የምንጫወተው በጥንድ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ወገን ሆነው ተራ በተራ ያንቀሳቅሳሉ፤ መነጋገር ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ጓደኛህ ምን እንዳሰበ ከአካሄዱ መረዳት አለብህ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው ከሌላ ክፍል ጋር ስንጋጠም አጫዋቼ አንድ ቆርኪ ወደ መሀል አስገባ። ተጋጣሚዎቻችን ወዲያው በግራ በኩል መጡበት። ተራው የእኔ ነበር። ከኋላ በቀኝ ያለውን ባዶ ቤት የሚሞላ ቆርኪ ነበረኝ፤ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚቀረው። እኔ ግን በሌላው ዳር ለመንገሥ ሁለት ቤት የቀረው ቆርኪ ነበረኝና እሱን ገፋሁት። ከፊቱ ሁለት ቤት ጠባቂዎች ቆመው መንገዱን ዘግተውታል። አይቻቸዋለሁ፤ «ይነሱ ይሆናል» ብዬ ነው።

የት ይነሳሉ! መጀመሪያ መሀል ያለውን በሉ፤ ዘለው ሲያርፉ ሌላም ባዶ አገኙና በአንድ ተራ ሁለት ቆርኪ ወሰዱብን። የእኔም ሯጭ ከኋላው ማንም ስላልነበረ ብዙ ሳይቆይ ተበላ። ተሸነፍን።

ከዚያ በኋላ የክፍላችን ልጆች በሙሉ አጫዋቼን «አስበላህ! ምን ወደ መሀል አስገባህ?» እያሉ ሲጮሁበት ዋሉ። እሱ ምንም አልመለሰም። ወደ እኔ አንድ ጊዜ አየት አደረገና ቆርኪዎቹን ወደ ፌስታሉ መክተት ጀመረ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ጩኸቱ ይቆም ነበር። አልተናገርኩም። ሰሌዳው ላይ ከኋላው ሳልቆም ቀረሁ፤ ከጨዋታው በኋላም ከኋላው አልቆምኩም። ከሁለቱ የሚያሳፍረኝ ሁለተኛው ነው።

አንዳንድ ልጆች «ዳማ እኮ መብላት ነው፤ ሲጠብቅ የሚውል አያሸንፍም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሁሉንም ቆርኪ ከኋላ ከከመርነው መሄጃ እናጣለን፤ መንቀሳቀስ ያልቻለ ደግሞ ተሸናፊ ነው። አውቆ አንድ አስበልቶ ሁለት መብላትም አለ፤ እሱ ብልሃት ነው። የእኔ ግን ብልሃት አልነበረም። የበላሁትም ነገር የለም። «እኔ ልንገሥ እንጂ ስለ እሱ ምን አገባኝ» ማለት ነበር። ወደ ፊት መሄድ ጥሩ ነው፤ ግን ከመሄዳችን በፊት «አሁን ከእኛ ማን ነው ከኋላው ባዶ የሆነው?» ብለን ብንጠይቅ አንድ ሴኮንድ አይፈጅም።

እኛም የሚኒ ሚዲያ አባላት ጥፋት አለብን። ጠዋት በሰልፍ ሰዓት የውድድር ዜና ስናነብ «እገሌ ይህን ያህል በላ፣ እገሌ ነገሠ» እንላለን። ቤት ሲጠብቅ የዋለውን ማንም አይጠራውም። ታዲያ ሁሉም ለመንገሥ ቢሮጥ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ የጥንድ ዳማ ዜና ሲነበብ የሁለቱም ስም አብሮ ይጠራ፤ ጥሩ የጠበቀውም ይነገርለት። ሁለተኛ፣ ስንሸነፍ «አስበላህ» የሚባለው ቃል ይቅርና «አስበላን» እንበል። ሁለት ሆነው የተጫወቱትን ሽንፈት አንዱ ብቻ አይሸከመውም። ሦስተኛ፣ ጥፋቱ የእሱ የሆነ ልጅ እጁን ያውጣ። እጅ ማውጣት ክፍል ውስጥ ለመልስ ብቻ አይደለም።

እኔ ከራሴ ልጀምር። ያን ቀን ያስበላሁት እኔ ነኝ። አጫዋቼ፣ ይህን ስታነብ ይቅርታ እንደምታደርግልኝ ተስፋ አለኝ። ከፈቀድክ በሚቀጥለው ውድድር እንደገና አብረን እንጫወት። አንተ ወደ መሀል ስታስገባ እኔ ከኋላ እሞላለሁ።



ከ7ኛ «ለ» ክፍል