ደወሉን በጁስ ማባበል

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አምስት ስልክ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እማዬ ራስጌ ላይ ነው፤ አንዱ ከግድግዳው ማዶ እኔ ጋ። አንዱ አሌክሳንድሪያ ታላቅ እህቴ ቤት፣ አንዱ ሲያትል ወንድሜ ጋ፣ አንዱ ደግሞ ዱባይ፤ እዚያ ረፋድ ስለሆነ ታናሽ ወንድሜ ሥራ ላይ ሆኖ ይሰማዋል። ስክሪኑ 68 ይላል። ወዲያው ጥሪው ይጀመራል። «እማዬ፣ ጁስ ጠጣሽ?» «ጠጥቻለሁ።» «ዳቦስ?» ስልኩን ሳታስቀምጠው ሌላው ይደውላል። እማዬ ማንንም ማስቀየም አይሆንላትም። ለእኔ የብርቱካን ጁስ፣ ለእህቴ ዳቦ በማር፣ ለሲያትሉ ሙዝ፣ ለዱባዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ትወስዳለች። ሲነጋ ስኳሯ 280 ነው።

ይህን ወራት ሙሉ እንክብካቤ ስንለው ኖረናል።

ስኳር ያለበት ሰው ክንዱ ላይ ሴንሰር ሲለጠፍለት የሚሆነው በየቤቱ ተመሳሳይ ነው። ነርሷ አፑን ትጭናለች፤ አፑ «ዝቅተኛ ማንቂያ፦ 70» ይላል፤ «እሺ» ይነካል፤ ቀጣዩ ታካሚ ይጠራል። ሁለት ዩኒት ኢንሱሊን ለመቀነስ የሐኪም ፊርማ የሚጠይቅ ክሊኒክ፣ ማንቂያው ስንት ላይ ይጩኽ የሚለውን ለፋብሪካው ይተወዋል። ቤት ሲደርስ ደግሞ ቤተሰብ ይረከበዋል። አንድ ሌሊት ያስደነገጠው ጊዜ 70 የነበረው 80 ይሆናል፤ በሌላ ሌሊት 100። ብዙ ከጮኸ ብዙ ተጠንቅቀናል ማለት ነው ተብሎ ያልቃል። ጠቤ ከዚህ እምነት ጋር ነው። ማንቂያ ዋጋ የሚኖረው ሰሚው ሲነሣ የሚያደርገውን ካወቀ ነው። ከዚያ በፊት የተሞላ ቁጥር፣ ከፍም አለ ዝቅ፣ እንቅልፍ ከመንሳት አያልፍም።

70 ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰውነት ስኳር እየወረደ መሆኑን አውቆ መከላከል የሚጀምርበት አካባቢ ስለሆነ ለማስጠንቀቂያ የተመረጠ ቁጥር ነው። ሐኪሞች ከምር የሚጨነቁበት መስመር 54 ነው። ከዚያም ወዲያ ሦስተኛ ደረጃ አለ፤ እሱ ቁጥር የለውም፤ ሰው ግራ ተጋብቶ ወይም ራሱን ስቶ የሌላ ሰው እጅ ሲያስፈልገው ነው። ስኳር የሌለበት ሰው ሴንሰር ቢለጥፍ እንኳ ሌሊት ለጥቂት ደቂቃ ከ70 ዝቅ ሊል ይችላል። በዚያ ላይ ሴንሰሩ የሚለካው ደሙን ሳይሆን ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ነው፤ ከደሙ አምስት አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። እማዬ ጁሱን ጠጥታ ደሟ ከተስተካከለ በኋላም ስልኩ መጮኹን ይቀጥላል፤ እኛም «አልሠራም፣ ድገሚ» እንላለን። ግማሽ ብርጭቆ ጁስ፣ ማለትም 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ከዚያ 15 ደቂቃ መጠበቅ የሚለውን ሕግ አናውቅም ብል ዋሸሁ። እናውቀዋለን። ስልኩ እየጮኸ ሩብ ሰዓት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ልጅ ነው የጠፋው።

አንድ ሌሊት 48 ብሎ ጮኸ። እህቴ 911 ልትደውል ስትል ሮጬ ገባሁ። እማዬ ሴንሰሩ በተለጠፈበት ክንዷ ላይ ተጋድማ ታንኮራፋለች። ጣቷን ወጋሁት፤ 114። ክንድ ሲጨፈለቅ ሴንሰሩ በውሸት ዝቅ ያለ ቁጥር ያነባል፤ ገልበጥ ሲባል ቁጥሩ ይመለሳል። ሴንሰሩን የለጠፉልን ሰዎች ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመናገር ጊዜ አላገኙም።

ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ አጠገቡ ያለውን፣ ስኳሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚያሳየውን ቀስት መፍራት ነበረብን። 69 ላይ ቀስቱ ወደ ጎን ተጋድሞ ከሆነ ጊዜ አለ። 90 ላይ ሁለት ቀስት ቁልቁል ካየሁ ግን ስኳሩ በደቂቃ ከ3 በላይ እየወረደ ነው፤ በዚሁ ከቀጠለ በሩብ ሰዓት ከ45 በታች ይገባል። 70 ላይ የተሞላው ማንቂያ በመጀመሪያው ይጮኻል፣ በሁለተኛው ዝም ይላል። ዴክስኮም በተባለው ሴንሰር ላይ «በ20 ደቂቃ ውስጥ 55 ትደርሳለህ» የሚል ትንበያ አለ። እኛ ቤት መጀመሪያ የጠፋው እሱ ነበር፤ «ገና አልወረደችም እኮ» ተብሎ።

ወደ ዋናው ልምጣ። እማዬ በየሌሊቱ ስትወርድ ተጠያቂ ፍለጋ ጀመርን። ራት ሳትበላ ተኝታ ነው፤ ጾም አብዝታ ነው፤ ቀን ሲኒየር ሴንተር ብዙ ተራምዳ ነው። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይህ ነው። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ የጠዋት ቁጥሮቿን አዩ፤ 260፣ 280፣ 271። በዝቷል አሉና የማታውን ኢንሱሊን ከ22 ዩኒት ወደ 26 ከፍ አደረጉት። የጠዋቱን ስኳር የጫንነው እኛ፣ በአምስት ስልክ፣ በጁስና በዳቦ እንደሆነ ማን ነግሯቸው? ኢንሱሊኑ ሲጨምር ሌሊት ይበልጥ ወረደች፤ ስትወርድ ይበልጥ አበላናት፤ ስናበላት ጠዋት ይበልጥ ወጣች። ሌላ ቀጠሮ ብንጠብቅ 30 ዩኒት ልትገባ ነበር።

የ14 ቀኑን ግራፍ ከፍቼ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ሰዓቱ አንድ፣ ጉድጓዱ አንድ፤ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በየሌሊቱ ቁልቁል፣ ከዚያ እስከ ንጋት አቀበት። ማንቂያው አሥራ አራት ሌሊት ሙሉ «መድኃኒቱ በዝቷል» እያለ ሲለፈልፍ እኛ በጁስ እናባብለዋለን። በዓለም አቀፍ ደረጃ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የተስማሙበት ልክ፣ በዕድሜ ለገፋና ለአደጋ ለተጋለጠ ሰው ከ70 በታች የሚያሳልፈው ጊዜ ከቀኑ 1 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። የእማዬ 6 በመቶ ነበር፣ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል። ይህን በደወል የሚያወርደው የለም። ግራፉን አትሜ ይዤ ሄድኩ፤ ሐኪሙም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዴ ካዩት በኋላ አልተከራከሩም። 18 ዩኒት አሉ።

«አንድ ጊዜ ከሚቀር አሥር ጊዜ በከንቱ ቢጮኽ ይሻላል» የሚሉኝ አሉ። ይህን ሆስፒታሎች ሞክረውታል። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከጃንዋሪ 2009 እስከ ጁን 2012 ከመሣሪያ ማንቂያ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች እንደደረሱትና 80ዎቹ በሞት እንዳበቁ አስታውቋል፤ ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ ከድምፅ ብዛት የደነዘዘ ጆሮ ነው። የደነዘዙት እንዳይተኙ ደመወዝ የሚከፈላቸው ነርሶች ናቸው። እኛማ በአራተኛው ወር እህቴ ስልኳን ሳሎን ታሳድር ጀመር፤ ሲያትል ያለው ድምፁን አጠፋው፤ የኔ ጣት ደግሞ እኔ ሳልነቃ ራሱ «እሺ» መንካት ለመደ። ክፋት የለበትም፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለናል።

ሌላው ቢቀር ደወሉ ሁልጊዜ ይደርሳል ብሎ መተኛት ራሱ የዋህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታንክስጊቪንግ ሰሞን የዴክስኮም ሰርቨር ተጨናንቆ፣ ለቤተሰብ የሚደርሰው የፎሎው ማስጠንቀቂያ በብዙ ቤት ሳይደርስ ቀርቷል። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በስልክ ቅንብር የተነሣ፣ ለምሳሌ «አትረብሹኝ» የሚለው ሲበራ ወይም የስልኩ ሲስተም ሲታደስ፣ የስኳር ማንቂያዎች ሳይሰሙ እየቀሩ መሆኑን አስጠንቅቋል።

እማዬም የራሷ ዘዴ ነበራት። ሁዳዴ ላይ ቅዳሴ ስትሄድ፣ ቃጭል ሲመታ ስልኳ አብሮ እንዳይጮኽባት በማለት ጫማዋን የምታወልቅበት ጋ በቦርሳ ትታው ትገባለች። ሴንሰሩ ከስልክ ጋር የሚነጋገረው ከስድስት እስከ አሥር ሜትር ድረስ ነው። ስለዚህ ምንም ሳትቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምትቆይበት፣ ከቀኑ ሁሉ ማንቂያ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ስልኳ ከጫማ ጋር ተቀምጧል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ ይህን የንስሐ አባቷም ነግረዋታል፤ እሷ ግን «እኔ መቼ ታመምኩ» ባይ ነች። በየሌሊቱ በከንቱ ያሰለቻት ደወል ባይሆን፣ ያን ቀን በኪሷ ይዛው ትገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ማንቂያ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ብዙም ስለማይወርድ ሌሊት የሚያነቃው ነገር አያስፈልገውም ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ የተፈቀደው ስቴሎ የተባለ ሴንሰር የዝቅተኛ ስኳር ማንቂያ ጭራሽ የለውም። አዲስ አበባ ያለችው አክስታችን ግን የምትውጠው ግሊቤንክላሚድ ነው፤ እሱ አረጋዊን ይጥላል፤ በሻንጣ የምንልክላት ሴንሰር ከነማንቂያው ይገባታል። ደጋግሞ የወረደ ሰው ደግሞ መንቀጥቀጡና ማላቡ ይጠፋዋል፤ ሳይሰማው ይወድቃል። ለእንዲህ ያለው ሰው 70 ዘግይቷል።

እማዬ ከእነዚህ ወገን ነች። ለልቧ ቤታ ብሎከር ትወስዳለች፤ እሱ የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ይደብቃል። ከአልጋ ተነሥታ ኩሽና እስክትደርስም ጊዜ ይወስድባታል። ስለዚህ የእሷን ቁጥር አልቀነስነውም፤ ኢንሱሊኑ ከወረደ በኋላ ወደ 80 ከፍ አደረግነው፤ ትንሿን የካርቶን ጁስ ከነስትሮዋ ራስጌዋ ላይ አኖርን። እኔ ስልክ ላይ 65 ነው፤ ያን ሲል ተነሥቼ ክፍሏ እገባለሁ፣ ጣቷን እወጋለሁ። ሌሎቹ 55 ብቻ፤ ሲሰሙም የሚደውሉት ለእኔ እንጂ ለእሷ አይደለም። ይህን ለማስማማት ከቁጥሩ ይልቅ የእህቶችና የወንድሞች ስብሰባው ከብዷል፤ «እናቴን አታሳዩኝም ወይ» ያለም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከዱባይ ተደወለልኝ፤ ሌሊት ነበር፣ ከስምንት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ።

«ስልኩ ዝም አለ፤ ሴንሰሩ ወድቆ ነው?»

በሩን ገፋ አድርጌ አየኋት። 118፤ ቀስቱ ወደ ጎን።

«ተኝታለች» አልኩት።