ሰሌዳ ላይ መስፈር ብቻውን አይበቃም

ምስጋና የቆሻሻ ስም ሲሆን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በሃዋይ ደሴቶች በየአደባባዩ በተቀመጡ የቆሻሻ መጣያዎች ክዳን ላይ «ማሃሎ» የሚል ቃል ተጽፎ ይታያል። በሃዋይኛ «እናመሰግናለን» ማለት ነው። ታዲያ ቋንቋውን የማያውቅ አገር ጎብኚ «ለካ ማሃሎ ማለት ቆሻሻ ነው» ብሎ ወደ አገሩ ይመለሳል እየተባለ ይቀለዳል። ቀልዱ ያስቃል። ለእኛ ለመምህርነት ለምንሰለጥነው ግን ከሳቁ በኋላ የሚቀር ጥያቄ አለ። አንድ ቋንቋ ሰሌዳ ላይ ስለሰፈረ ብቻ ተከበረ ይባላል?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሃዋይ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ፣ በ1959 የዩናይትድ ስቴትስ 50ኛ ግዛት የሆነች አገር ናት። በሰሌዳዎቿ ላይ አራት ቋንቋዎች ይገናኛሉ። ሃዋይኛ የነባሩ ሕዝብ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ከሚስዮናውያንና ከነጋዴዎች ጋር ገባ። ጃፓንኛ ከ1885 ጀምሮ በብዛት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ከመጡ የጉልበት ሠራተኞች ጋር መጣ፤ ኋላም የጃፓን ጎብኚዎች አበረቱት። አራተኛው ፒጂን የሚባለው ነው። የሃዋይ፣ የቻይና፣ የፖርቱጋል፣ የጃፓንና የፊሊፒንስ ሰዎች በአገዳው እርሻ ላይ ለመግባባት ከእንግሊዝኛ ቃላት ጋር የየራሳቸውን ቀላቅለው ፈጠሩት፤ ልጆቻቸው ደግሞ አፍ መፍቻ አደረጉት።

አሁን ሰሌዳዎቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በመጸዳጃ ቤት በር ላይ «ካኔ» ለወንዶች፣ «ዋሂኔ» ለሴቶች ይላል። በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ «ዊኪ ዊኪ» ይባላል፤ ፈጣን ማለት ነው። በዋይኪኪ መደብሮች ጃፓንኛው ገዢ ይጠራል። ፒጂኑ ብዙውን ጊዜ በምግብ ቤትና በካናቴራ ላይ ቀልድ ያወራል። ሕግ የሚጠቅሰው፣ ቅጣት የሚያስታውቀው ግን በአብዛኛው እንግሊዝኛው ነው። በአጥር ላይ የሚሰቀለው «ካፑ»፣ ማለትም «ክልክል ነው» የሚለው የሃዋይኛ ቃል፣ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ በእርግጥ ያዛል። በጠቅላላው ሲታይ ግን አንዱ ያዛል፣ አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ያስቃል፣ ሃዋይኛው ደግሞ ሰላምታና ምስጋና ያቀርባል። አራቱም ሰሌዳ ላይ አሉ፤ ሥልጣናቸው ግን እኩል አይደለም።

ይህ የሥራ ክፍፍል ከሰማይ አልወረደም፤ ትምህርት ቤትም እጁ አለበት። ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ በ1893 ከዙፋናቸው እንዲወርዱ ተደረገ። በ1896 አዲሱ መንግሥት የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን በሕግ ደነገገ። በግቢው ውስጥ ሃዋይኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ነበር። ከ1924 ጀምሮ ደግሞ ልጆችን በእንግሊዝኛ አነጋገራቸው ፈትነው የሚቀበሉ ልዩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ፒጂን ተናጋሪው ልጅ በአብዛኛው ውጭ ቀረ። ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ ያስፈጸመው ማን ነበር? መምህር ነበር። ይህ ሊቆጨን ይገባል።

በ1978 ሃዋይኛ ከእንግሊዝኛ ጋር በሕገ መንግሥት ኦፊሴል ቋንቋ ተባለ። ግን አንድ «ነገር ግን» ተከተለ። ለመንግሥት ሥራ የሚያስፈልገው ሕግ በደነገገው መጠን ብቻ ነው ተባለ። ውጤቱም በ2018 ታየ። በማዊ ደሴት አንድ የሃዋይ ጥናት መምህር ፍርድ ቤት ቀርበው ስማቸውን ሲጠየቁ በሃዋይኛ መለሱ። ዳኛው እንዳልቀረቡ ቆጥረው የመያዣ ትእዛዝ አወጡ፤ በማግስቱ ተሻረ። እንግዲህ በመጸዳጃ ቤት በር ላይ የሚሠራው ቋንቋ ችሎት ፊት ሰውን «አለሁ» ማሰኘት አቃተው ማለት ነው። ይሄ ከአንገት በላይ ክብር ካልተባለ ምን ይባላል?

«ሰሌዳውስ ምን አደረገ? ከምንም ይሻላል» የሚሉ ይኖራሉ። እኛም ሰሌዳው ይነሳ አንልም። በአግባቡ የተጻፈ ሰሌዳ ያስተምራል። በሃዋይኛ «ፓኡ» ሲባል «ኡ»ን ከፊቱ ለይቶ የሚያቋርጠው ምልክት ከቀረ ቃሉ ተለውጦ «አለቀ» ይሆናል፤ ምልክቱ ካለ ደግሞ «ጥላሸት» ነው። ስለዚህ ምልክቶቹ በመንገድ ስሞች ላይ መመለሳቸው ጌጥ አይደለም፣ ማንበብ ማስተማር ነው። ነገር ግን ቋንቋውን ያዳነው ሰሌዳ ሳይሆን ክፍል ነው። በ1984 «ፑናና ሌኦ»፣ «የድምፅ ጎጆ» እንደማለት፣ የተባሉ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች በሃዋይኛ ማስተማር ጀመሩ። በ1986 የቆየው የሕግ እንቅፋት ተነሳ፤ በ1987 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከተሉ። ወላጅና መምህር ተባብረው የሠሩት ነው።

ፒጂንስ? በዚያው በ1987 የትምህርት ቦርዱ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገር የሚል ሐሳብ አቅርቦ ሕዝቡ ሲቃወም አለዘበው። የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ንግግር በሳሙና የሚታጠብ እድፍ አይደለም። መምህሩ ከዚያ ተነስቶ ልጁን ወደ እንግሊዝኛው ቢያሻግረው ልጁ ሁለት ያተርፋል፤ ቢያሳፍረው ግን አንዱንም በወጉ አይዝም፣ አፉን ይዘጋል።

እጩ መምህራን! ነገ ክፍል ስንገባ በግድግዳው ላይ ስንት ቋንቋ እንደተጻፈ መቁጠር ቀላል ነው። ከዚያ ይልቅ እንጠይቅ፤ ልጁ በየትኛው ቋንቋ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል? ተሳስቶ ሲታረምስ በየትኛው? መልሱ «በሰሌዳው ላይ ብቻ ነው» ከሆነ፣ ገና ሥራው አልተጀመረም እንላለን።