ሮጦ ያልጠገበ ጎልማሳ

በአማርኛ ጎልማሳ ሰው ሲሮጥ ደግ ነገር ተብሎለት አያውቅም። መንገድ ላይ ፈጠን ካለ «ምን ያስሮጥሃል?» ይባላል። ኑሮ ሲከብደው «ሩጫ ላይ ነኝ» ይላል፤ ያው መማረሩ ነው። ሲሞት ደግሞ «ሩጫውን ጨረሰ» ብለን እንሸኘዋለን። ልጅ ሲቀጭ ግን «ሮጦ ያልጠገበ» እንላለን። ይህችን አባባል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስገረምባት ኖሬአለሁ። ቋንቋችን ሩጫ እንደ እንጀራ የሚጠገብ፣ ሳይጠግቡት መሄድ የሚያስቆጭ ነገር መሆኑን አሳምሮ ያውቃል ማለት ነው። ያውቅና ለልጅ ብቻ ይሰጠዋል። ጢም ያወጣ ሰው የሚሮጥበት ምክንያት ተቆጥሮ ያለቀ ነው፦ ሌባ ከሆነ፣ ሌባ ከሰረቀው፣ ዝናብ ከያዘው፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው ከሆነ። ከእነዚህ ውጭ ከሮጠ አትሌት መሆን አለበት። አትሌት ከሆነ ደግሞ ማሸነፍ አለበት።

የዛሬው ጠቤ ከዚህች ከመጨረሻዋ ጋር ነው።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ እኛ ቁጭ አልን። እሱ ሮጠልን፤ ቀጥሎ ማሞ ሮጠልን፣ ምሩጽ ሮጠልን፣ ደራርቱ ሮጠችልን፣ ኃይሌና ቀነኒሳ ሮጡልን። ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር ቡና ቤቱ ጢም ይላል፤ «ምን ነካት! አሁን ነበር መውጣት! ለምን አትወጣም?» እየተባለ ጠረጴዛ ይደበደባል። ለምን አትወጣም የሚለው ሰውዬ ራሱ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ካቃተው አሥር ዓመት ሆኖታል። ነሐስ ያመጣች ልጅ እንደ በደለኛ አንገቷን ደፍታ እንድትመለስ የሚያደርጋት ይኸው ከወንበሩ ያልተነሳ ዳኛ ነው።

ይህ ሕዝብ የሚጽናናበት አንድ ንድፈ ሐሳብ አለው፤ «ሩጫ በደማችን ነው» ይላል። እንዴት የምታመች ነገር ናት! በደም ያለ ነገር ልምምድ አይፈልግማ። ስለ አበበ ባዶ እግር የማያወራ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የክብር ዘበኛው ወታደር ከስዊድናዊው አሰልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ስለለፋበት ልምምድ ግን ጠይቁ እስቲ፣ ማን ይመልስላችኋል? ኃይሌ በልጅነቱ አሰላ አካባቢ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ያንን መንገድ በአንድ ጠዋት እንዳልለመደው ግን አይታሰበንም። በታሪካችን ውስጥ የድል ማግስት እንጂ የጅምር ማለዳ የለም። ስለዚህ መጀመር የሚባለውን ነገር ማንም አላስተማረንም።

አንድ ጎረቤቴን ላንሳ፤ ስሙ ይቆየኝ። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ሐኪም ደም ግፊቱን ለክቶ «እባክዎ ይንቀሳቀሱ» አለው። እሱም ጫማ ገዛ፣ ቱታ ገዛ። ሰኞ ንጋት ላይ ከግቢው ሲወጣ ያየው ሰው የመጨረሻው ዙር ደወል የተደወለ ነው የሚመስለው። እስከ ቅያሱ ድረስ እውነትም ግሩም ነበር። ማክሰኞ ደረጃ የሚወርደው በጎኑ ሆነ። እሑድ ጫማው በልጁ እግር ላይ ታየ።

«መምህር፣ ሩጫ የእኔ አይደለም፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ» አለኝ።

ሞክሮ ያየው እኮ ሩጫን አይደለም፤ ውድድርን ነው። ከውድድር ሌላ ሩጫ አይቶ ስለማያውቅ ሁለቱ አንድ ይመስሉታል። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ይህችን ከተማ ሞልተዋታል፤ ጫማቸው ከአልጋ ሥር ነው።

ቃሉ ግን ነበረን። ሶምሶማ! ከርምጃ ከፍ፣ ከግልቢያ ዝቅ ያለ፤ በቅሎዋ ሳትደክም ቀኑን የምትውልበት አረማመድ። ፈረንጆቹ ለዚህ ነገር ክብር የሰጡት በቅርቡ ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ1962 መጨረሻ ቢል ባወርማን የሚባል አሜሪካዊ አሰልጣኝ ኒውዚላንድ ሄደ። ኋላ ናይኪን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው እሱ ነው። አርተር ሊዲያርድ የተባለው የአገሬው አሰልጣኝ ኦክላንድ ውስጥ ተራ ሰዎችን፣ የልብ ሕመም የነበረባቸውን ሽማግሌዎች ሳይቀር፣ ሰብስቦ ያሶመሶማቸው ነበር። ባወርማን 51 ዓመቱ ነው፤ የኦሊምፒክ ሯጮችን ያሰለጠነ ሰው ነው፤ አብሯቸው ወጣ። ጥቂት እንደሄዱ ትንፋሽ አጠረው። ከሰባ ዓመት ያለፈ፣ ልቡን ታሞ የዳነ ሽማግሌ ነው አዝኖለት ፍጥነቱን ቀንሶ ያጀበው። ባወርማን ኦሪገን ተመልሶ ጎረቤቶቹን ማሶምሶም ጀመረ፤ በ1967ም ስለዚሁ መጽሐፍ አወጣ። ቢሊየን ዶላር የሚንቀሳቀስበት የጫማ ንግድ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ይህ ሲሆን አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። እነሱ ሻምፒዮን ፍለጋ ሄደው ሶምሶማ ይዘው ተመለሱ። እኛ ሻምፒዮኑም ሶምሶማውም እጃችን ላይ ሆኖ ወንበር ሳብን።

እንግዲህ ለባሕር ዳር ጎልማሳ የምመክረው የዘንባባ ስሌት ነው። ሰዓትም መሣሪያም አያሻም፤ መንገዶቻችን ዳርና ዳር ዘንባባ ናቸው። ሁለት ዘንባባ ሶምሶማ፣ አራት ዘንባባ ርምጃ። ይህን እየደጋገሙ ሃያ ደቂቃ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለሉ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሦስት በሦስት፤ ቀጥሎ አራት በሁለት። ፍጥነቱን የሚወስነው አፍ ነው፦ አጠገብህ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግረህ መጨረስ ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነውና ቀንስ። «ቀርፋፋ ይሉኛል» አትበል፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አየሩም ሳስቷል፣ ፀሐይዋም የዋዛ አይደለችም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የወጣ አተረፈ። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጾም የሚያከፍል ሰው በዚያ ወራት ርምጃውን ያብዛ፤ የሚያሳድደው የለም።

ሰውን የሚያታልለው አራተኛው ወይም አምስተኛው ሳምንት ነው። ልብና ሳምባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ትንፋሹ ይከፈትልሃል፣ ጎበዝ የሆንክ ይመስልሃል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ብዙ ጀማሪ ቅልጥሙን ይዞ የሚቀመጠው በጀመረ ሰሞን ሳይሆን ደስ ባለው ሰሞን ነው። ስለዚህ ርቀት ሲጨመር በአንዱ ቀን ብቻ ይጨመር፤ ሌሎቹ ሁለት ቀኖች ባሉበት ይቆዩ። በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ቅነሳ። እንቁላሉ ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ነው የተባለው፤ ይሮጣል አልተባለም። ሦስት ወር ግድም ሲሞላ ሠላሳ ደቂቃ ሳይቆሙ መሶምሶም የሚቻል ነገር ነው፤ እኔ በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ አድርጌዋለሁ፣ ስፖርተኛ ሆኜም አላውቅም። ኪሎ ሜትር መቁጠር ለሚወድ ሰው በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ አለለት፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፣ የእግረኛ መንገድ አለው። አራቴ ደርሶ መልስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያልፋል። የቤዛዊት ዳገት ለጊዜው ይቆይ።

«በልቶ ላላደረ ሕዝብ ሩጫ ቅንጦት ነው» የሚሉኝ አሉ። ይህን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ በልተው ያደሩ ናቸው። ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚውለውን ልጅ ሩጥ ያለው የለም። የምናገረው ለእኛ ነው፤ ከወንበር ወደ ወንበር ለምንዘዋወር አስተማሪዎች፣ የቢሮ ሰዎችና ነጋዴዎች። ባሕር ዳር እኮ የብስክሌት ከተማ ነበረች! ተማሪው፣ መምህሩ፣ ሠራተኛው በብስክሌት ነበር የሚሄደው። ዛሬ አንድ ማቆሚያ ለማትሞላ መንገድ ባጃጅ እንጠራለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ጎልማሳ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ሰባ አምስት ደቂቃ! አንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ተቀምጠን የምናይበት ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

ሰላም በሌለበት ስለ ሩጫ ማውራት ነውር ነው የሚለኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ለእሱ አክብሮት አለኝ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተማችን የሰዓት እላፊ ነበረባት። ያን ሰሞን በጨለማ ቱታ ለብሶ መሮጥ የጤና ነገር አይመስልም ነበር፤ የወጣም የለ። እኔ ግን ጎህ ሲቀድ መንገድ ላይ ሌላ ሰው ማየት፣ «እንደምን አደሩ» መባባል፣ ምን ያህል እንደሚያጽናና የገባኝ ያኔ ነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን ስታሸንፍ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች። እልል አልን፣ አለቀስን። ጠዋት ዘንባባ ሥር የምትሶመሶም አንዲት የባንክ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ግን ከቅያስ እስከ ቅያስ የምትሰማውን እዚህ ልጽፈው አልችልም። «ውፍረት ልትቀንሺ ነው? ልርዳሽ?» ከሁሉ ጨዋው ነው። ከባጃጅ አንገቱን አውጥቶ የሚከተላትም አለ። የዚህ ልጅ ቤት ግድግዳ ላይ የጥሩነሽ ዲባባ ፎቶ ቢገኝ አይገርመኝም። ሴት ልጅ ከዋንጫ ጋር ስትሆን እህቱ ናት፤ ያለ ዋንጫ ስትሮጥ ማስታወቂያ ትመስለዋለች። ወንዶቹ ሯጮች ይህን እየሰማን ጆሮ ዳባ ብለን እንዳናልፍ። ሁለት ሦስት ሽበታም ሰዎች አጠገቧ ቢሶመሶሙ ብዙ አፍ ይዘጋል፤ አይቼዋለሁ።

ወደ ሐይቁ ልመለስ፤ ዋናው ክርክሬ እዚያ ነውና። ሻምፒዮን ቦታ አያጣም። ጫካ ይገባል፣ ዳገት ይወጣል፣ መኪና ይጭነዋል። ቦታ የሚያስፈልገው ጀማሪ ነው፤ ሜዳ፣ ጥላ፣ ለስለስ ያለ መሬት፣ መኪና የሌለበት፣ ሲደክመው ቆም ብሎ የሚያየው ነገር ያለበት። እንዲህ ያለ ቦታ እግዜር ለዚህች ከተማ ሰጥቷታል፤ ስሟ ራሱ ዳር ነው። የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ደጃችን ላይ ተኝቷል። ዳሩ ግን ብዙ ቦታ ላይ በር አለው፤ በሩ ዘበኛ አለው። አንድ ጠዋት ስሙን የማልጠራው ግቢ በር ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ወደ ሐይቁ።»

«አልጋ ይዘዋል?»

«የለም፣ የዚሁ ከተማ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው አይቻልም። ወይ ቡና ካዘዙ...»

ዘበኛውን አልቀየምኩም፤ የታዘዘውን ነው የተናገረው። ነገሩን ግን አስቡት። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ጣናን ያለ ጥያቄ ያያል፤ እዚሁ ያረጀ ሰው ሐይቁን ለማየት ቡና መግዛት አለበት። ሰው ታንኳ ቀዝፎ ከዘጌ እንጨት ይዞ በሚመጣበት ውኃ ዳር፣ የከተማው ነዋሪ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይቋረጥ መሄድ አይችልም። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት መንገዶች ሰፍተዋል፣ የእግረኛ ንጣፍ ተነጥፏል፤ ደግ ነው፣ የሠራ እጅ ይባረክ። ነገር ግን ሯጭ የሚያምር ንጣፍ ሳይሆን የማይቆረጥ መንገድ ነው የሚፈልገው። ሦስት መቶ ሜትር ሄዶ አጥር የሚገጥመው መንገድ ለሠርግ ፎቶ እንጂ ለእግር አልተሠራም።

አጥር ይፍረስ አላልኩም፤ ያን ያህል የዋህ አይደለሁም። ለማዘጋጃ ቤቱም ለባለ ግቢዎቹም የማቀርበው ልመና ትንሽ ናት። በውኃው ዳር ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ የአፈር መንገድ ይተው፤ ሲሚንቶም አታባክኑ፣ አፈሩ ለጉልበታችን ይሻላል። ያም ከከበደ በሮቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይከፈቱልን። በዚያ ሰዓት እንግዶቻችሁ ተኝተዋል፤ አልጋቸውን አንነካም፣ በእግራቸው ጣት አንቆምም። ላብ ላብ እንሸት ይሆናል እንጂ ሌላ ጉዳት የለብንም። ቡናውን ደግሞ ስንመለስ እንገዛችኋለን።