ስለ ባቡርና ስለ ፕሮሰሰር

ሰው ገንዘቡን በአዲስ ሥራ ላይ ከማዋሉ አስቀድሞ ያለፈውን መመርመር ይገባዋል። ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ወደ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ሳለ፥ የተራራው ዳገት ወጪውን ስላበዛው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቀረና ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ሐረር ጥንታዊት የንግድ ከተማ መሆኗ የባቡሩን መንገድ አላስለወጠውም።

ዛሬም ባለገንዘቦች በሰርቨር ፕሮሰሰር ነገር እንደዚሁ ይከራከራሉ። እኩሌቶቹ ኢንቴል ቀድሞ የያዘውን ስፍራ አይለቅም ይላሉ። እኩሌቶቹም ኤኤምዲ በ2009 ዓ.ም. ኤፒክ የተባለውን አውጥቶ፥ ያንኑ ፕሮግራም እያሠራ ገበያውን ይሻማል ይላሉ። ሌሎቹ ግን አማዞን በ2011 ዓ.ም. እንዳወጣው ያለ በአርም ሥርዓት የተሠራው፥ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚቈጥብ፥ ወደ ፊት ይበረታል ይላሉ።

በሐረር እንደ ታየው፥ በእንዲህ ያለ ነገር ከስም ጥንታዊነት ይልቅ ወጪ ይፈርዳል። ነገር ግን አሸናፊውን መተንበይ የባለገንዘብ እንጂ የሹም ሥራ አይደለም፤ የሹም ሥራ የሕዝቡን መዝገብ መጠበቅ ነው። መጽሐፍ ከአሮጌ ብራና ወደ አዲስ ሲገለበጥ ቃሉ እንዳይጠፋ ካህናት እንደሚጠነቀቁ ሁሉ፥ የመሬትና የፍርድ መዝገብም ከአንዱ ፕሮሰሰር ወደ ሌላው በቀላሉ የሚዛወር እንዲሆን፥ መሣሪያው ሲገዛ በውሉ ይጻፍ። ይህ ያልሆነ እንደ ሆነ፥ ባቡሩ መንገዱን በለወጠ ጊዜ መዝገቡ ከተራራው ላይ ይቀራል።