ሩቁን ለማያይ ዓይን ስለሚደረግ ቀዶ ጥገና

መጽሐፉን ካፍንጫው አስጠግቶ የሚያነብ፥ መነጽሩም ከ6 ዲዮፕተር የሚበልጥ ሰው ቀዶ ጥገና ቢያስብ መንገዱ ሦስት መሆኑን ልንገልጥላችሁ እንወዳለን።

አንደኛው የዓይኑን ብሌን በሌዘር ጨረር መቅረጽ ነው። ብሌን ግን ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነውና፥ ድክመቱ ሲበረታ የሚፋቀው ስለሚበዛ ብሌኑ ስስ ለሆነ ሰው አይበጅም። ሁለተኛው የተፈጥሮውን ሌንስ ሳይነኩ ሌላ ስስ ሌንስ በውስጥ መጨመር ነው። ይህ ቢያስፈልግ ተመልሶ ይወጣል፤ ነገር ግን የዓይን ግፊት ወይም ሞራ ሊያስከትል ስለሚችል ዘወትር መታየትን ይሻል። ሦስተኛው የተፈጥሮውን ሌንስ አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት ነው። ይኸውም ሬቲና የመላቀቁን አደጋ ስለሚያበዛ ለወጣት እምብዛም አይመረጥም።

ሦስቱም መነጽርን ያስቀሩ ይሆናል እንጂ የረዘመውን ዓይን አያሳጥሩም። ስለዚህ ከቀዶ ጥገና በኋላም ቢሆን ድንገት ብልጭታ ወይም መጋረጃ መሳይ ጥላ ያየ ሰው፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ዓይኑ ገና ስለሚለወጥ በመነጽር ይቆይ። ለመቍረጥ የሚገባው በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ያለ የዓይን ሐኪም ዓይኑን ከመረመረ በኋላ ነው እንጂ በወሬ አይደለም።